ያልተሳካውንም መጻፍ፦ የሮበርት ቦይል የአየር ፓምፕና የሙከራ ግልጽነት ታሪክ

በሸንጎ የቀረበ ነገር የሚጸናው በእማኝ ነው። ነገሩን በዓይኑ ያየ፣ ከተከራካሪዎቹም ጋር ዝምድናም ሆነ ጠብ የሌለው ሰው ቀርቦ ካልመሰከረ በቀር፣ የባለጉዳዩ ክብርም ሆነ የአንደበቱ ቅልጥፍና ብቻውን ለፍርድ አያበቃም። ስለ ተፈጥሮ የሚነገረው ነገር ግን ለብዙ ዘመናት የተዳኘው በዚህ ሥርዓት አልነበረም። ቃሉ ስሙ ከገነነ ሊቅ የወጣ እንደሆነ፣ ማስረጃ ሳይጠየቅበት ሲወርድ ሲዋረድ ይኖር ነበር። በ17ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በአውሮፓ ይህን ልማድ ለመለወጥ ከተደረጉት ጥረቶች መካከል፣ በአየርላንድ ተወልዶ በእንግሊዝ አገር የሠራው ሮበርት ቦይል ስለ አየር ያደረጋቸው ሙከራዎች ከፍ ያለ ቦታ ይዘዋል።

ቦይል በትምህርት ቤት መጻሕፍት የሚታወሰው በስሙ በሚጠራው የጋዝ ሕግ ነው። ይሁን እንጂ ለሳይንስ ካበረከታቸው ነገሮች ከሕጉ የማያንሰው፣ አንድ ሙከራ እንዴት ቢጻፍ ሌላ ሰው ሊደግመውና ሊመረምረው እንደሚችል ማሳየቱ ነው። ታሪኩም ለመሐንዲስ የቀረበ ነው፤ ታላቁ ክርክር የዞረው በሚያፈስ መጋጠሚያ፣ በቆዳ ማሸጊያና በተሰበረ ብርጭቆ ዙሪያ ነበርና። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሣሪያው

ኢጣሊያዊው ኤቫንጀሊስታ ቶሪቼሊ በ1644 በደብዳቤ እንደገለጸው፣ በሜርኩሪ የተሞላ የብርጭቆ ቱቦ ሜርኩሪ በያዘ ዕቃ ላይ ሲደፋ፣ በቱቦው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይቆማል፤ ከበላዩም ባዶ የሚመስል ሥፍራ ይቀራል። ሜርኩሪውን ደግፎ ያቆመው ምንድን ነው? ከላይ የቀረውስ ሥፍራ በእውነት ባዶ ነውን? የዘመኑ ሊቃውንት በዚህ ጥያቄ ተከፋፈሉ። በጀርመን አገር በማግደቡርግ ከተማ የከተማው ሹም የነበረው ኦቶ ፎን ጌሪክ አየርን ከተዘጋ ዕቃ ውስጥ በፓምፕ ማውጣት እንደሚቻል አሳየ፤ የሥራው ዜናም በ1657 በካስፓር ሾት መጽሐፍ ታትሞ ወጣ። ቦይል ይህን ሲሰማ አንድ ጉድለት ታየው። በጌሪክ አሠራር አየሩ በሚወጣበት ዕቃ ውስጥ ሌላ ነገር አስገብቶ የሚሆነውን መመልከት አስቸጋሪ ነበር። ስለሆነም ሙከራ በውስጡ ሊደረግበት የሚችል አዲስ መሣሪያ እንዲሠራ ጠየቀ፤ በ1659ም ረዳቱ ሮበርት ሁክ ሠርቶ አስረከበው።

መሣሪያው ሁለት ዋና ዋና ክፍሎች ነበሩት። ከላይ 30 ኳርት፣ ማለት 28 ሊትር ያህል የሚይዝ የብርጭቆ ሉል ተቀምጧል። ከታች ደግሞ ርዝመቱ 14 ኢንች፣ የውስጥ ስፋቱ 3 ኢንች ያህል የሆነ የናስ ሲሊንደር አለ። በወፍራም ቆዳ የተሸፈነው ፒስተን በጥርሳም ዘንግና በማርሽ እየተገፋ ይወጣል፣ ይወርዳል። መጋጠሚያዎቹ የሚታሸጉት በቅጥራን፣ በሙጫና በእንጨት ዐመድ ቅልቅል ሲሆን፣ ፒስተኑ አየር እንዳያሳልፍ ዘይት ይፈስስበት ነበር። ይህ ሁሉ ተደርጎም መሣሪያው ያፈስ ነበር። ቦይል የብርጭቆው ሉል ከዚህ የሰፋ እንዲሆን ይፈልግ እንደነበረ፣ የብርጭቆ ሠሪዎቹ አቅም ግን እንዳልፈቀደ ሳይሸሽግ ጽፏል።

የአጻጻፉ ሥርዓት

በ1660 በኦክስፎርድ የታተመው የቦይል መጽሐፍ 43 ሙከራዎችን ይዟል። የዘመኑን አንባቢ ያስገረመው የሙከራዎቹ ብዛት ብቻ አልነበረም። ከዚያ በፊት የነበሩ ጸሐፊዎች አብዛኛውን ጊዜ መደምደሚያውን ያስቀድማሉ፤ ሙከራን የሚጠቅሱትም ክርክራቸውን ለማስጌጥ ያህል ነበር፤ አንዳንዶቹ የጠቀሱት ሙከራ በእርግጥ መደረጉ እንኳ ያጠራጥራል። ቦይል ግን የመሣሪያውን ሥዕል ከነክፍሎቹ አስቀርጾ አቀረበ፤ እያንዳንዱንም ሙከራ እንደ ታሪክ ተረከው። ዕቃው እንዴት እንደታሸገ፣ ፒስተኑ ሲጎተት ምን እንደታየ፣ የትኛው ብርጭቆ እንደተሰነጠቀ በዝርዝር ሰፈረ። ጽሑፉ በዚህ የተነሣ እንደረዘመ ራሱ አምኗል፤ ምክንያቱንም ሲገልጽ አንባቢው ሙከራውን ለመድገም ቢፈልግ ሳይሳሳትና ብዙ ሳይደክም እንዲችል መሆኑን አስረድቷል።

ለዚህ አጻጻፍ 17ኛው ሙከራ ጥሩ ምሳሌ ነው። ቦይል የቶሪቼሊን ቱቦ እንዳለ በብርጭቆው ሉል ውስጥ አቁሞ አየሩን ማውጣት ጀመረ። ሜርኩሪውን ደግፎ የያዘው የውጭው አየር ከሆነ፣ አየሩ ሲቀንስ ሜርኩሪውም መውረድ አለበት። እንደተጠበቀውም ፒስተኑ በተጎተተ ቁጥር ሜርኩሪው ወረደ። ነገር ግን በቱቦው ውስጥና በዕቃው ውስጥ ያለው ሜርኩሪ ፍጹም እኩል እስኪሆን ድረስ አልወረደም፤ ጥቂት ከፍታ ቀረ። መላ ምቱን ለማስከበር ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ትንሽ ቀሪ ሊዘልለው በቻለ ነበር። ቦይል ግን ጻፈው፤ ምክንያቱም ከውጭ ሾልኮ የሚገባው አየር እንደሆነ ገመተ።

በ1661 ደግሞ ስላልተሳኩ ሙከራዎች ብቻ የሚናገሩ ሁለት ድርሰቶችን አሳተመ። በነዚህም አንድ ሙከራ ዛሬ ተሳክቶ ነገ የማይሳካበትን ምክንያት መረመረ። ከነጋዴ የተገዛው ቅመም ከባዕድ ነገር ጋር የተቀላቀለ ሊሆን ይችላል፤ ሁለት ማዕድናት በስም አንድ ሆነው በጠባይ ሊለያዩ ይችላሉ፤ ሠሪው ልብ ያላለው አንድ ሁኔታ ተለውጦ ሊገኝም ይችላል። ያልተሳካውን መጻፍ ገመናን አደባባይ እንደማውጣት በሚታይበት ዓለም ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። ቦይል ግን ያልተሳካውን የሚደብቅ ጸሐፊ፣ በኋላ የሚመጣው ሠራተኛ በዚያው ጉድጓድ እንዲወድቅ እንደሚተወው ተረድቶ ነበር።

የ1662ቱ ሠንጠረዥ

በስሙ የሚጠራው ሕግ የወጣው በ1662 በታተመው ሁለተኛው እትም ነው። ቦይል አንደኛው ጫፉ የተደፈነና እንደ መንጠቆ የታጠፈ ረጅም ቱቦ አዘጋጅቶ፣ በአጭሩ ክንድ የታመቀውን አየር በረጅሙ ክንድ በሚፈስስ ሜርኩሪ ይጨምቀው ጀመር። ቱቦው በጣም ከመርዘሙ የተነሣ በክፍል ውስጥ ሊቆም ስላልቻለ ሥራው የተከናወነው በደረጃ ላይ ነበር። ከዚያ በፊት ቱቦ ተሰብሮበት ስለነበረ፣ ቢሰበር ሜርኩሪው እንዳይባክን ከታች የእንጨት ሣጥን ተደርጎለታል። ይህም ሁሉ በመጽሐፉ ተጽፏል።

ሠንጠረዡ ያየውን ግፊትና በመላ ምቱ መሠረት ሊሆን የሚገባውን ግፊት ጎን ለጎን ያስቀምጣል። የአየሩ ቁመት 48 ክፍል በነበረ ጊዜ ግፊቱ 29 ኢንች ከ2/16 ሜርኩሪ ነበር። አየሩ በግማሽ ተጨምቆ 24 ክፍል ሲሆን የታየው 58 ከ13/16 ሲሆን፣ በመላ ምቱ ሊሆን ይገባው የነበረው 58 ከ2/8 ነው። 12 ክፍል ሲደርስ የታየው 117 ከ9/16፣ የሚጠበቀውም 116 ከ4/8 ነበር። ልዩነቱ በሁለቱም ላይ ከመቶ አንድ እጅ በታች ነው። ቦይል ቁጥሮቹን ከመላ ምቱ ጋር ለማስማማት አላለሳለሳቸውም፤ ልዩነቱን አንባቢ እንዲያየው ሁለቱን ዓምዶች አጠገብ ላጠገብ አስቀመጠ። ግፊትና ይዘት በተቃራኒ መጠን ይለዋወጣሉ የሚለውም አሳብ በመጀመሪያ የራሱ እንዳልነበረ ገልጾ፣ አሳቡን ያቀረበለትን የሪቻርድ ታውንሊን ስም ጠቀሰ።

የዚህ ዓይነቱ ምዝገባ ጥቅም በሩቅ አገር ላለ ሠራተኛ ይበልጥ ይገለጣል። ዛሬ አንድ ተማሪ በአዲስ አበባ ይህንኑ ሙከራ ቢደግም፣ ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ የመነሻው ግፊት 29 ሳይሆን ወደ 23 ኢንች ገደማ ይሆንበታል። አየሩንም በግማሽ ለመጨመቅ የሚያስፈልገው ጠቅላላ ግፊት 58 ሳይሆን 46 ኢንች ያህል ነው። ቦይል የዕለቱን የአየር ግፊት ሳይመዘግብ “አየሩን በግማሽ ለመጨመቅ 29 ኢንች ሜርኩሪ መጨመር ያስፈልጋል” ብሎ ብቻ ቢተወው ኖሮ፣ ተማሪው ወይ መጽሐፉን ወይ የገዛ እጁን ሐሰተኛ ያደርግ ነበር። የመነሻው ሁኔታ ስለተጻፈ ግን የሁለቱ ሰዎች ቁጥር ተለያይቶ ሕጉ አንድ ሆኖ ይገኛል።

የሆብስ ተቃውሞ

ኅዳር 28 ቀን 1660 በሎንዶን የተመሠረተው የሮያል ሶሳይቲ ማኅበር የቦይልን አሠራር እንደ ሥርዓት ያዘው። መፈክሩም ወደ አማርኛ ሲመለስ “የማንንም ቃል ብቻ ይዘን አንቀበልም” እንደማለት ነው። ሙከራው በአባላት ፊት ይደረጋል፤ ያዩትም በምስክርነት ይመዘገባሉ። ከ1665 ጀምሮም የማኅበሩ ጸሐፊ ሄንሪ ኦልደንበርግ በየጊዜው የሚወጣ የሳይንስ መጽሔት ማሳተም ጀመረ።

ይሁን እንጂ ፈላስፋው ቶማስ ሆብስ በ1661 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ጠንካራ ጥያቄዎች አነሣ። አንደኛው፣ ፓምፑ የሚያፈስ ከሆነ ከውስጡ የሚታየው ነገር ስለ ባዶ ሥፍራ እንዴት ሊመሰክር ይችላል? የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ማኅበሩ ሙከራው በአደባባይ ይደረጋል ቢልም፣ በእርግጥ ማንም ሰው ገብቶ ሊያይ ይችላልን? የሚል ነበር። ሆብስ ስለ አየር ያቀረበው ትምህርት አልጸናም፤ ጥያቄዎቹ ግን ባዶ አልነበሩም። ፓምፑ እንደሚያፈስ ቦይል ራሱ ጽፎታል፤ ተቃዋሚው የተጠቀመበትም ማስረጃ ከዚያው መጽሐፍ የተገኘ ነበር። ግልጽነት የሚያስከፍለው ዋጋ ይህ ነው። ጉድለቱን የሚጽፍ ሰው ለባላጋራው መሣሪያ ያቀብላል። ቦይልም የመለሰው ጉድለቱን በመካድ ሳይሆን፣ የፓምፑን ሠራተኛ ክፍል በውኃ ውስጥ አጥልቆ ማፍሰሱን የሚቀንስ አዲስ መሣሪያ በማሠራት ነው።

ከሔግ የመጣው እንቆቅልሽ

ትልቁ ፈተና የመጣው ግን ከባላጋራ ሳይሆን ከወዳጅ ነው። የሆላንዱ ሊቅ ክርስቲያን ሆይገንስ በ1661 ጸደይ ሎንዶን መጥቶ የማኅበሩን ሙከራዎች ከተመለከተ በኋላ፣ ወደ ሔግ ተመልሶ የራሱን ፓምፕ አሠራ። በዚህም ያልተጠበቀ ነገር አየ። ተራ ውኃ በቱቦ ሞልቶ በፓምፑ ውስጥ ሲያቆመው፣ አየሩ እየወጣ ሲሄድ ውኃው እንደሚገባው ወረደ። ውኃውን አስቀድሞ ከአየር አረፋ ካጠራው በኋላ ሲደግመው ግን፣ አየሩ ቢወጣም ውኃው እንደተንጠለጠለ ቀረ። ነገሩ እውነት ከሆነ የቦይልን ትርጓሜ የሚያናጋ ነበር።

በሎንዶን ይህን ውጤት ለማግኘት የተደረገው ጥረት ለረጅም ጊዜ አልተሳካም። ከሎንዶን ወገን የሆይገንስ ፓምፕ ያፈስስ ይሆናል የሚል ጥርጣሬ ተነሣ። ሆይገንስም በበኩሉ ውኃው ተንጠልጥሎ የሚቀረው በጥሩ ፓምፕ ውስጥ ስለሆነ፣ የሚያፈስሰው የእነርሱ ነው የሚል አሳብ ነበረው። በዚህ ላይ ክርክሩ ክብ ሆነ። ፓምፑ ጥሩ መሆኑ የሚታወቀው ውጤቱ ሲታይ ነው፤ ውጤቱም እውነት መሆኑ የሚታወቀው ፓምፑ ጥሩ ሲሆን ነው። በደብዳቤ የሚላከው ማብራሪያ ምንም ያህል ቢረዝም ከዚህ ክብ ሊያወጣቸው አልቻለም። ጉዳዩ የተፈታው በ1663 በጋ ሆይገንስ ራሱ ወደ ሎንዶን ተመልሶ፣ እርሱ ባለበት ውኃው ተንጠልጥሎ በታየ ጊዜ ነው። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ ከአየር የጠራ ውኃ እርስ በርሱም ሆነ ከንጹሕ ብርጭቆ ጋር አጥብቆ ስለሚያያዝ፣ መጎተትን ተቋቁሞ ሳይበጠስ ሊቆይ ይችላል። ሁለቱም ወገኖች ያዩት እውነት ነበር፤ የጎደለው ውኃው እንዴት እንደሚጠራና መሣሪያው እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቀው እጅ ነበር።

ስማቸው ያልተጻፈ እጆች

የታሪክ ጸሐፊዎቹ ስቲቨን ሼፒንና ሳይመን ሻፈር በ1985 ባሳተሙት ጥናት እንዳመለከቱት፣ በ1660ዎቹ ዓመታት የሠራ ፓምፕ ሳያይ በቦይል ጽሑፍ ብቻ ተመርቶ መሣሪያውን አስተካክሎ የሠራ ሰው አልተገኘም። ያንን ያህል ዝርዝር የያዘ መጽሐፍ እንኳ ብቻውን አልበቃም ማለት ነው። ምክንያቱ አንዱ፣ ፓምፑን በየቀኑ የሚያሠሩት፣ ቆዳውን የሚለውጡት፣ ቅጥራኑን የሚያቀልጡት ረዳቶች ያውቁት የነበረው ነገር ወደ ወረቀት አለመድረሱ ነው። ሁክ በችሎታው ስሙን አስጠርቷል፤ በኋላም ከቦይል ጋር የሠራው ፈረንሳዊው ደኒ ፓፐን በስም ይታወቃል። የቀሩት አብዛኞቹ ግን “አንዱ ረዳት” ወይም “ሠራተኛው” ተብለው አልፈዋል። መጋጠሚያው የሚያፈስሰው የት ላይ እንደሆነ በጣታቸው ዳስሰው ያወቁት እነርሱ ሲሆኑ፣ ያወቁትን እንዲጽፉ የጠየቃቸው አልነበረም። በመሆኑም ዕውቀታቸው አብሯቸው ተቀበረ።

የዛሬው ፓምፕ

ከ350 ዓመታት በኋላ ሙከራ የሚደገምበት መሣሪያ ብዙውን ጊዜ የኮምፒዩተር ፕሮግራምና የቁጥር ሠንጠረዥ ሆኗል፤ ጥያቄው ግን አልተለወጠም። በ2010 ካርመን ራይንሃርትና ኬነዝ ሮጎፍ የተባሉ የኢኮኖሚ ምሁራን ባሳተሙት ጥናት፣ የመንግሥት ዕዳቸው ከዓመታዊ ምርታቸው 90 በመቶ በላይ የሆነባቸው አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ሆኖ ቀረበ። ጥናቱም በብዙ አገሮች የበጀት ክርክር ላይ ተጠቀሰ። በ2013 አንድ የአሜሪካ የዶክትሬት ተማሪ ውጤቱን ለመድገም ሞክሮ ስላቃተው የስሌቱን ሠንጠረዥ ከጸሐፊዎቹ ጠየቀ፤ እነርሱም ላኩለት። ሲመረመር ከአማካዩ ስሌት አምስት አገሮች በስሕተት ቀርተው ተገኙ። ተማሪው ከመምህራኑ ጋር ይህንና ሌሎች የአሠራር ምርጫዎችን አስተካክሎ ሲያሰላ አማካዩ 2.2 በመቶ ሆነ። ጸሐፊዎቹ የሠንጠረዡን ስሕተት አመኑ፤ በቀሩት ነጥቦች ላይ ግን ተከራከሩ። ጉዳዩን የፈታው ማንም በማንም ክብር ላይ የሰነዘረው ቃል አይደለም፤ የሠንጠረዡ ከእጅ ወደ እጅ መተላለፍ ነው። ሠንጠረዡ ከጥናቱ ጋር በ2010 ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ዓመት ባልፈጀ ነበር።

በ2015 ደግሞ ከልዩ ልዩ አገሮች የተውጣጡ ተመራማሪዎች በሥነ ልቦና መጽሔቶች የታተሙ 100 ጥናቶችን ደግመው የሠሩበትን ውጤት አቀረቡ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶ የሚሆኑት በስታቲስቲክስ መመዘኛ ጉልህ ውጤት አግኝተናል ብለው ነበር፤ ሲደገሙ ይህን ያገኙት 36 በመቶ ብቻ ሆኑ። ይህ ሁሉ በማታለል የመጣ አይደለም። ያልተሳካ ሙከራ ሳይታተም መቅረቱና የአሠራሩ ዝርዝር በአጭሩ መጻፉ ብዙ ያስረዳል። ቦይል በ1661 የጻፋቸው ሁለት ድርሰቶች ለዚህ ዘመን የተጻፉ ይመስላሉ።

መንግሥታትም ነገሩን ከሥርዓት ለማግባት ተነሥተዋል። በኢትዮጵያ በዚያን ጊዜ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በ2019 ያወጣው ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የሚደረጉ ምርምሮች ጽሑፍ ለሁሉም ክፍት ሆኖ በብሔራዊው የዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጥ ደንግጓል። በ2021ም የዩኔስኮ ጠቅላላ ጉባዔ ስለ ክፍት ሳይንስ ዓለም አቀፍ የውሳኔ አሳብ አጽድቋል። እነዚህ መልካም እርምጃዎች ናቸው። ይሁን እንጂ ጽሑፉ ለሁሉም መከፈቱ አንድ ነገር ነው፤ በጽሑፉ ውስጥ ሥራውን ለመድገም የሚያስችል ነገር መኖሩ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የቦይል መጽሐፍ ለገዢ ሁሉ ክፍት ነበር፤ ፓምፑን ግን በእርሱ ብቻ መሥራት አልተቻለም።

በምህንድስና ሥራ ይህ ልዩነት በየቀኑ ያጋጥማል። የአፈር ምርመራ ዘገባ የመሸከም አቅሙን ቁጥር ብቻ ሰጥቶ ጉድጓዱ የተቆፈረበትን ወቅትና የከርሰ ምድር ውኃውን ከፍታ ካልጻፈ፣ ከዓመታት በኋላ በዚያው ቦታ የሚሠራው ባለሙያ ቁጥሩን አምኖ ከመቀበል ወይም እንደገና ከመቆፈር በቀር ምርጫ የለውም። የኮንክሪት ናሙና ውጤት ሲቀርብ፣ የተጣሉት ናሙናዎች ስንት እንደነበሩና ለምን እንደተጣሉ ካልተገለጸ፣ አማካዩ ምን ያህል እንደሚታመን የሚያውቅ የለም። የመለኪያው መሣሪያ መቼ እንደተስተካከለ፣ መነሻው ሁኔታ ምን እንደነበረ፣ ያልተሳካው የትኛው እንደሆነ፣ መሣሪያውን በእጁ የያዘውም ባለሙያ ማን እንደሆነና ምን እንዳስተዋለ የሚመዘገብበት ገጽ በዘገባው ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ይህን ገጽ ለመጻፍ ግማሽ ቀን ይበቃል፤ ሳይጻፍ በመቅረቱ ግን በሎንዶንና በሔግ መካከል ሁለት ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የተመላለሰው ደብዳቤ ዓይነት ድካም ይከተላል።